ኖቶሪየስ እማማ

አክስቴ ስልክ ስትደውል ሰላምታ ታበዛለች። እንዴት አደርሽ፣ እናትሽ እንዴት ናት፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል፣ ሥራስ... ያን ቀን ግን ሰላምታ የሚባል ነገር አልነበረም።

«አንቺ ልጅ፣ እማማን ምን ብለሽ ነው ጋዜጣ ላይ የጻፍሽው?»

«እንዴ! አመስግኜ ነዋ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

እርግጠኛ ነበርኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ሾላ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። እማማ ደግሞ (ገበያው ሁሉ እማማ ስለሚላቸው እኔም እዚህ ሌላ ስም አልሰጣቸውም) የገበያው ሴቶች እቁብ በእጃቸው ያለ ሴት ናቸው። አርባ ሴት፣ ዛሬ ዛሬ በሳምንት 500 ብር። ሽንኩርት ሻጭ አለች፣ እንቁላል ሻጭ አለች፣ ልባሽ ጨርቅ የምትሸጥ አለች። ሰኞ ሰኞ ገንዘቡ ይሰበሰባል፣ እጣ ይወጣል፣ የደረሳት ዋስ ጠርታ 20,000 ብሯን ይዛ ትሄዳለች። በቃ። ይኸው ነው። ግን ይሄ «ይኸው ነው» የምንለው ነገር ከሃያ ዓመት በላይ ሲዞር አንዲት ሴት እንኳ «ገንዘቤ ቀረብኝ» ብላ አታውቅም። አክስቴ መደብ ላይ ከመሸጥ ወደ ሱቅ የገባችው በዚህ እቁብ ነው። የእኔም የዩኒቨርሲቲ ሻንጣና ብርድ ልብስ የተገዛው ከዚሁ እቁብ መሆኑን ስነግራችሁ ታሪኩ ለምን እንደሚያሳፍረኝ ይገባችኋል።

ጋዜጠኝነት ተምሬ እንደተመረቅሁ አንድ በእንግሊዝኛ የሚታተም ሳምንታዊ ጋዜጣ ጽሑፍ ይቀበለኝ ጀመር። ደመወዝ የለም፤ ለጽሑፍ የሚከፈል ትንሽ ነገር አለ፤ ከሁሉም በላይ ግን ስሜ በእንግሊዝኛ ታትሞ ይወጣል። የመጀመሪያውን ሙሉ ገጽ ጽሑፌን ስለ እማማ ጻፍኩ። ፎቶም አለው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መዝገባቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው። የጽሑፉ የመጀመሪያ መስመር ታዲያ ምን ይላል? «ዘ ኖቶሪየስ እቁብ ኮሌክተር ኦፍ ሾላ...»

እንግሊዝኛ የምታውቁ አሁን ፊታችሁን ጨፍግጋችኋል። የማታውቁ ትንሽ ታገሡኝ፤ እማማም የሰሙት ዘግይተው ነው።

እማማ እንግሊዝኛ አያነቡም። ደስታቸው ግን ልክ አልነበረውም። ገጹን መስታወት ባለው ፍሬም አስገብተው፣ ሰኞ ሰኞ ገንዘብ ከሚቀበሉበት ጠረጴዛ በላይ ሰቀሉት። ዓመት ሊሞላው ሲል የአንዷ እቁብተኛ ልጅ ከዋሽንግተን ለእረፍት መጣ። እናቱን አጅቦ እማማ ቤት ገባ። ቡና እስኪቀርብ ግድግዳውን ሲቃኝ ያቺን መስመር አነበበ። ምንም አላለም። ደጅ ሲወጡ ግን እናቱን ጠየቃት፦ «እማዬ፣ ገንዘብሽን የምትሰጪው ለእኚህ ሴትዮ ነው?»

በቀጣዩ ዙር ያቺ ሴት እቁቡን አልገባችም። ሁለት ጓደኞቿም አልገቡም። ለእማማ የነገሯቸው «ሥራ ቀዘቀዘ፣ ኑሮ ከበደ» ብለው ነው። እማማም አመኑ። በዚህ ዘመን ኑሮ ከበደኝ ያለን ሰው ማን ይጠረጥራል?

* * *

ቃሉን ከየት አመጣሁት? ከወንድሜ ግድግዳ።

ልጅ ሆኜ የታላቅ ወንድሜ አልጋ ራስጌ ላይ ዘውድ የደፋ ወፍራም ጥቁር ሰው ፎቶ ነበር። ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ.። የብሩክሊኑ ራፐር እ.ኤ.አ. በ1997 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተተኩሶበት ሲሞት እኔ አልተወለድኩም፤ በእኛ ቤት ግን እንደ ዘመድ ነበር። ወንድሜን «ኖቶሪየስ ምን ማለት ነው?» ብዬ ስጠይቀው «በጣም የታወቀ» አለኝ። አልዋሸም። ያልነገረኝ ግን ሰውየው በሙዚቃው ውስጥ ዕፅ ሲሸጥ የኖረ፣ የሚፈራ የመንደር ጉልቤ ሆኖ እንደሚታይ ነው። ለእሱ ቃሉ ልክ ነበር። ለእማማ ነው ልክ ያልሆነው።

ከዚያ ቃሉ ደብተሬ ላይ ገባ። ደብተሯን ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ተመሳሳይዋ አለቻችሁ። መሐል ለመሐል በማስመሪያ ተሰምራለች፤ በስተግራ እንግሊዝኛ፣ በስተቀኝ አማርኛ። እኔ ስማር አዲስ አበባ ውስጥ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንሱም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ ቃል መሰብሰብ ማለት እንጀራ መሰብሰብ ማለት ነው። 12ኛ ክፍል ስንደርስ ደግሞ ለአሜሪካ ፈተና የተዘጋጁ የቃል ዝርዝሮች በፎቶ ኮፒ፣ በኋላም በቴሌግራም ይደርሱን ጀመር። ከባድ ቃል በግራ፣ ፍቺ በቀኝ። በቀን ሃያ ቃል እሸመድዳለሁ ብዬ ምዬ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ሠላሳ ያደረስኩበት ጊዜ አለ!

የሚገርመው እነዚያ ዝርዝሮች የተዘጋጁለት ፈተና ራሱ ተቀይሯል። ኤስ.ኤ.ቲ. የቃላት ዝምድና ጥያቄዎቹን እ.ኤ.አ. በ2005 አስወጣ፤ በ2016 ደግሞ ማንም የማይናገራቸውን ከባድ ቃላት መጠየቁን ትቶ ቃሉን በአንቀጽ ውስጥ አንብባችሁ ተረዱ ማለት ጀመረ። ጂ.አር.ኢ.ም የተቃራኒ ቃል ጥያቄውን በ2011 ጣለው። እኛ ጋ ግን ዝርዝሩ ከፈተናው በላይ ዕድሜ አገኘ። ፈታኞቹ «ቃልን ብቻውን መሸምደድ ይብቃ» ሲሉ እኛ ገና ፎቶ ኮፒ እያስነሳን ነበር።

እናም የእኔ ደብተር ላይ በአንድ መስመር እንዲህ ተጽፎ ነበር፦ ፌመስ፣ ሪኖውንድ፣ ኖቶሪየስ - ዝነኛ፣ የታወቀ። ሦስቱም በአንድ አልጋ ላይ ተኝተዋል።

እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ የጻፍኩት «ፌመስ» ብዬ ነበር። ከዚያ ሳየው ታናሽ መሰለኝ። «ፌመስ የ4ኛ ክፍል ቃል ነው» ብዬ ሰረዝኩት። ዲግሪ ያላት ሴት መምሰል ፈለግሁ። የጋዜጣው ኤዲተርና ሌላ አንድ ባልደረባም አንብበው አለፉት። ሦስት ዲግሪ፣ አንድ ቃል፣ ዜሮ ጥያቄ።

* * *

ስልኩን ዘግቼ ያን ዕለት ያደረግሁት ነገር ቢኖር ቃሏን ከሥሯ መፈለግ ነው። ሥሯ ላቲን ነው፤ «የታወቀ» ከሚል የመጣ። ማለትም ዱሮ ዱሮ ምንም ክፋት አልነበረባትም። ግን «የታወቀ ኃጢአተኛ»፣ «የታወቀ ቀማኛ» እየተባለ ከክፉ ስሞች ጋር ስትውል ስታድር ክፋታቸው ተጋባባት። የእኛ አባቶች ይህን የቋንቋ ሕግ በአንድ መስመር ጨርሰውታል፦ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች።

እንዲህ ዓይነት ጊደር ብዙ ናት። «ኤግሪጂየስ» የምትባለው በላቲን ሥሯ «ከመንጋው ተለይቶ የወጣ» ማለት ነው። አንድ ዘመን ጎበዝን ለማሞገስ ትጠራ ነበር። ዛሬ ግን ዓይን ያወጣ ስህተት ወይም በደል ሲሆን ነው የምትመጣው። «ኢነርቬት» ደግሞ ስትሰሙት ኃይል የሚሰጥ ይመስላል፤ ከ«ኢነርጂ» ጋር ይቀራረብብናል። ትርጉሙ ተቃራኒው ነው፤ ማዛል፣ ጉልበት መጨረስ። «ሙዚቃው ኢነርቬት አደረገኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ለዘፋኙ ምስጋና ያቀረበ ይመስለዋል። «ዲስኢንተረስትድ» የሚለውን ተጠንቅቀው የሚጽፉ ሰዎች ለማያዳላ ዳኛ ነው የሚያውሉት። ዳኛው ግድ የለሽ ነው ለማለት ብላችሁ ብትጽፉት ሳታስቡት አሞገሳችሁት። «ኮንዶን» ደግሞ «ኮንደም» ከሚለው ጋር ድምፁ ስለሚመሳሰል «መንግሥት ጥቃቱን ኮንዶን አደረገ» ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ። አወገዘ ለማለት ነበር። የወጣው «ዝም ብሎ አለፈው» ነው። ዜና ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቀልድ አይደለም።

ግን የእኔ ችግር ፍቺ አለማወቅ ብቻ ነበር? አይመስለኝም። ፍቺውን ግማሹን አውቀው ነበር። ያላወቅሁት የቃሉን ጓደኞች ነው።

ይህን በአማርኛ ብናየው ቀላል ነው። አንድ ፈረንጅ አማርኛ ለምዶ «ቂም አሰርኩበት» ቢለን እንስቃለን። ቂም ይቋጠራል እንጂ አይታሰርም። መቋጠርና ማሰር ጎረቤታሞች ናቸው፤ ቂም ግን ምርጫው አንድ ነው። «እድሜ ጠገብ ዋርካ» እንላለን፤ «እድሜ በል ዋርካ» ያለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም። ማን አስተማረን? ማንም። ሺህ ጊዜ ሰማነው እንጂ።

አሁን እኛ ፈረንጁን እንሁን። ቡና በአማርኛ ወፍራም ነው፤ በእንግሊዝኛ «ስትሮንግ»። ሆቴል ገብታችሁ «ፋት ኮፊ» ብላችሁ እዘዙና አስተናጋጁን እዩት። ዝናቡን አማርኛ ኃይለኛም ይለዋል ከባድም ይለዋል፤ እንግሊዝኛ «ሄቪ» ማለት ይቀናዋል፤ «ስትሮንግ»ን ለነፋሱ ይተውለታል። በእኛ አገር ጉንፋን ነው ሰውን የሚይዘው፤ በእነሱ አገር ሰው ነው ጉንፋንን የሚይዘው! ምናልባት ስለ ጉንፋን ያለን አስተያየት ይለያይ ይሆናል።

ይሄን ነገር ቀድሞ የገባው አንድ መምህር ነበር። ኤ.ኤስ. ሆርንቢ ይባላል። ጃፓን አገር እንግሊዝኛ ሲያስተምር ተማሪዎቹ ፍቺ ሸምድደው ዐረፍተ ነገር መሥራት ሲያቅታቸው አየ። እሱና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ታተመ፤ በ1948 ኦክስፎርድ አወጣው። ዛሬ በየቤታችን ያለው፣ ወፍራሙ፣ ጀርባው በፕላስተር የተያያዘው የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት የዚያ ልጅ ነው። ልዩ የሚያደርገው ፍቺው አይደለም፤ ከፍቺው በታች በያዘው ፊደል የተቀመጡት ምሳሌ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ የትኛው መስተዋድድ እንደሚከተለው፣ ስድብ ይሁን ሙገሳ። እኔ ያን መጽሐፍ ዓመታት ስገልጥ ፍቺዋን ገልብጬ ምሳሌዋን እየዘለልኩ ነበር። ዶሮ ወጡን ትቶ ድስቱን እንደ መውሰድ።

ደግሞስ ከባዱን ቃል ለምን ፈለግሁት? አዋቂ ለመምሰል አይደል? እ.ኤ.አ. በ2006 ዳንኤል ኦፐንሃይመር የተባለ የፕሪንስተን የሥነ ልቦና መምህር ይህንኑ ጉዳይ በሙከራ አይቶ አሳትሟል። ቀለል ያሉ ጽሑፎችን ወስዶ ቃላቱን በረጃጅም ቃላት እየተካ ለአንባቢ ሰጠ። አንባቢዎቹ የረጃጅሞቹን ቃላት ጸሐፊ ይበልጥ ብልህ አሉት? የለም፤ ዝቅ አድርገው ገመቱት። ለዚህ ሥራው በዚያው ዓመት የሚያስቅም የሚያሳስብም ምርምር የሚሸለምበትን ኢግ ኖቤል ተቀብሏል። እኔ ሽልማቱ ሳይኖር ውጤቱን በራሴ ላይ አረጋግጬዋለሁ።

* * *

ኤዲተሩ ጋ ደወልኩ። «ዓመት የሞላው ጽሑፍ ማን ያስታውሰዋል?» አለኝ። ፍሬም ውስጥ እንዳለና ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነገርኩት። ዝም አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ውስጥ ገጽ ላይ ሁለት መስመር እርማት ወጣች፤ ሞባይል መብራት ካላበራችሁ የማትታይ።

እርማቷን ቆርጬ ቦርሳዬ ውስጥ ያዝኩና ሦስት ቀን ዞርኩ። ልተወውም አስቤያለሁ። እማማ እንግሊዝኛ አያነቡ፤ ደስ ብሏቸዋል፤ ደስታቸውን ለምን እነጥቃለሁ? ይሄ እንኳ ለእሳቸው አዝኜ ሳይሆን ለራሴ አዝኜ መሆኑን የነገረችኝ አክስቴ ናት። «ሦስት ሴት ወጥታባቸዋለች። አራተኛዋ እስክትወጣ ነው የምትጠብቂው?»

እሑድ ከሰዓት ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። ፍሬሙ ከራሳቸው በላይ ነው። መስታወቱ ተወልውሏል።

«እማማ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ምን አድርገሽኝ ልጄ?»

«እዚያ ላይ የጻፍኩት አንድ ቃል ልክ አልነበረም። ዝነኛ ለማለት ነበር። ግን ቃሉ...» እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ስለ ላቲን ልንገራቸው? ስለ ሆርንቢ? ድንገት የአማርኛው መጣልኝ። «በአማርኛ ቢሆን 'ቀንደኛ' እንደማለት ነው።»

እማማ ሲኒውን አስቀመጡ።

«ቀንደኛ ምን? ሌባ?»

አያችሁልኝ? እኔ «ሌባ» የሚል ቃል አልወጣኝም። «ቀንደኛ» ብቻ ነው ያልኩት። ቃሉ ግን ብቻውን አይሄድም፤ ጓደኛውን አስከትሎ ገባ። መዝገበ ቃላት ገልጠው የማያውቁት እማማ የእኔ ደብተር በስንት ዓመት ያላስተማረኝን በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ።

ሁሉንም አወራኋቸው። የዋሽንግተኑን ልጅ፣ ሦስቱን ሴቶች። የሴቶቹ ነገር ሲነሳ ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ ደግሞ ኑሮው ነው ብዬ ማታ ማታ ስጸልይላቸው!» አሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው ሳቁ፤ ግን ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «ሰኞ ሰኞ ከሌባ ሥር ቁጭ ብዬ ገንዘብ ስቀበል ከርሜያለኋ።»

«ሰዎቹን ሄጄ ልንገራቸው?»

«አንቺ አትሄጂም። እኔ እነግራለሁ። አንቺ የጻፍሽውን ጻፊልኝ። በአማርኛ። እኔ ላነበው በምችለው።» እማማ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ቀስ ብለው ያነባሉ፤ ግን ያነባሉ።

* * *

ከዚያ ወዲህ ደብተሬን ቀይሬያለሁ። መሐል ለመሐል የተሰመረው መስመር የለም። ለአንድ ቃል ግማሽ ገጽ እሰጣለሁ። መጀመሪያ ከጋዜጣ ወይም ከመጽሐፍ ያገኘኋቸውን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች እንዳሉ እገለብጣለሁ። ሦስቱም ላይ ቃሉ ከክፉ ነገር ጎን ከቆመ አንድ ነገር ጠረጠርኩ ማለት ነው። ቀጥዬ የራሴን ዐረፍተ ነገር እሠራለሁ፤ ስለ ሌላ ሰው ግን አይደለም። ቃሉን መጀመሪያ በራሴ ወይም በእናቴ ስም ፊት አስቀምጠዋለሁ። «ኖቶሪየስ እናቴ» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንድ ሰው ልጠይቅ ነበር። በሰው ስም ላይ የሚለጠፍ ቃል በራስ ላይ ሳይሞከር አይለጠፍም። በቀን ሃያ ቃል የነበረው አሁን በሳምንት ሦስት ሆኗል። ከባድ ቃል አትማሩ እያልኩ አይደለም፤ እኔም አልተውኩም። ብቻ ከቃሉ ጋር ሳትግባቡ ወደ ሰው ቤት ይዛችሁት አትግቡ።

ገጹን በአማርኛ ጽፌ፣ ፎቶ ቤት አሳትሜ፣ ሰኞ ጠዋት ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን በፊደሉ ሥር እያስኬዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ። «በሾላ ገበያ... የታመኑት... እቁብ... ሰብሳቢ...»

ቆሙ።

«ሰብሳቢ አይደለሁም።»

«አይደሉም እንዴ?»

«ሰብሳቢማ ገንዘቡን ከየሱቁ የምትለቅመው ልጅ ናት። እኔ ዳኛ ነኝ። የእቁብ ዳኛ።»

ፎቶ ቤት ተመለስኩ።